ስልክና ሊኑክስ ኮምፒውተር አልገናኝ ሲሉ፦ ከኬብሉ እስከ ሰዓቱ

ሐዋሳ ውስጥ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ሊኑክስ የሚባለውን ነጻ ኦፕሬቲንግ ሲስተም (ኡቡንቱን ወይም ሊኑክስ ሚንትን) ጭኖ የሚሰራ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ጥያቄው አንድ ነው። «ስልኬ ላይ ያሉት ቁጥሮችና ቀጠሮዎች ኮምፒውተሩ ላይ አልመጣ አሉኝ፤ ምን ላድርግ?» አቶቴ አካባቢ ሱቅ ያለው ይጠይቃል፣ ሐይቅ ዳር ፔንሲዮን የምታስተዳድረው ትጠይቃለች፣ ተማሪውም ይጠይቃል። አብዛኛው ሰው ለእርዳታ ከመምጣቱ በፊት አፕ ሲጭን ሲያጠፋ፣ ኬብል ሲቀይር፣ ስልኩን አጥፍቶ ሲያበራ ሰንብቷል። ድካሙ ያሳዝናል። ችግሩ እኮ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ የት እንዳለ ስላልታወቀ ነው የከበደው።

ስለዚህ ዘዴው ይሄ ነው። ከታች ጀምሩ። መጀመሪያ ኬብሉ ወይም ዋይፋዩ፣ ቀጥሎ ፈቃዱ፣ ቀጥሎ ፕሮግራሙ፣ መጨረሻ ላይ ሰዓቱና ፊደሉ። የታችኛው መስራቱን ሳታረጋግጡ ወደ ላይኛው አትለፉ። አንድ ጊዜም ሁለት ነገር አትቀይሩ፤ ሁለት ነገር ቀይራችሁ ቢሰራ የትኛው እንደፈታው አታውቁም፣ ነገ ሲበላሽ ደግሞ እንደ አዲስ ልትጀምሩ ነው።

ምንም ከመንካታችሁ በፊት ቅጂ ያዙ

ይሄን ክፍል ዘላችሁ እንዳታልፉ፣ አደራ። ሲንክ፣ ማለትም ስልኩና ኮምፒውተሩ በራሳቸው አንድ ዓይነት ዳታ እንዲይዙ ማድረግ፣ መጠባበቂያ አይደለም። በአንዱ በኩል ያጠፋችሁት በሌላውም በኩል ይጠፋል፣ ስራው ያ ነውና። የአስር ዓመት ደንበኞቹን ቁጥር ስልኩ ላይ ብቻ የያዘ ሰው ሙከራውን በዋናው ዳታ ላይ ማካሄድ የለበትም።

ስልኩ ላይ ኮንታክት የሚለውን አፕ ክፈቱ። ሴቲንጉ ውስጥ ወይም ኮንታክቶችን ማስተዳደሪያው ውስጥ «ኤክስፖርት» የሚል አለ። ስትነኩት ቪሲኤፍ የሚባል ፋይል ያወጣል። የቀጠሮውን ደግሞ የካላንደር አፓችሁ ኤክስፖርት ካለው በአይሲኤስ ፋይል አውጡት። ሁለቱንም ፍላሽ ላይ ቅዱ፣ ፍላሹን ንቀሉና መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡት። ከዚህ በኋላ ምን ቢበላሽ መመለሻ አላችሁ።

ኬብሉ

ስልኩን በኬብል ሰክታችሁ ቻርጅ ማድረግ ጀመረ ማለት ኬብሉ ደህና ነው ማለት አይደለም። ገበያ ላይ ካሉት ርካሽ ኬብሎች ብዙዎቹ ውስጣቸው የኤሌክትሪክ ሽቦ ብቻ ነው ያላቸው፤ ዳታ የሚያሳልፈው ሽቦ የለም። በዓይን አይለይም።

መለያው ቀላል ነው። ስልኩን ሳትሰኩ ተርሚናል፣ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት፣ ክፈቱና ኤልኤስዩኤስቢ የምትባለውን ትእዛዝ ስጡ፣ በላቲን ትንንሽ ፊደላት፣ ሳትነጣጥሉ። የተሰኩ ዕቃዎች ዝርዝር ይወጣል፦ ማውስ፣ ኪቦርድ፣ ሌላም። አሁን ስልኩን ሰኩና ያንኑ ትእዛዝ ድገሙ። አንድ አዲስ መስመር ከተጨመረ ኬብሉ ዳታ ያሳልፋል። ካልተጨመረ ሊኑክስን አትውቀሱ፤ ስልኩ መኖሩን ጭራሽ አላወቀም። ኬብል ቀይሩ። ከዚያም ከፊት ያለውን የዩኤስቢ ቀዳዳ ትታችሁ ከኋላ ባለው ሞክሩ፣ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ የፊተኛው በውስጥ ሽቦ ስለሚያልፍ ላልቶ ወይም ተነቅሎ ሊሆን ይችላል።

አዲሱ መስመር ኖሮ የስልኩ ፋይሎች ግን ካልታዩ፣ ችግሩ ያለው ስልኩ ስክሪን ላይ ነው። አንድሮይድ ስልክ ሲሰካ ራሱን የሚያስቀምጠው «ቻርጅ ብቻ» ላይ ነው፣ ይሄም ለደህንነት ተብሎ ነው። ስክሪኑን ክፈቱ፤ የተቆለፈ ስልክ ምንም አያሳይም። ከላይ ወደ ታች ሳቡት። ከኖቲፊኬሽኖቹ መሃል በዩኤስቢ ቻርጅ እየተደረገ ነው የሚል ደብዘዝ ያለ መስመር አለ፣ ብዙ ሰው እንደ ማስታወቂያ አይቶ የሚያልፈው። እሱን ንኩት። «ፋይል ትራንስፈር» የሚለውን ምረጡ። በየጊዜው መምረጥ ከሰለቻችሁ የዴቨሎፐር አማራጮችን አብርታችሁ ነባሪውን ፋይል ትራንስፈር ማድረግ ትችላላችሁ፤ የሚበራውም ስለ ስልኩ በሚለው ገጽ ውስጥ የቢልድ ቁጥሩን 7 ጊዜ በመንካት ነው። እኔ ግን ባትነኩት ይሻላል ባይ ነኝ። ስልካችሁን የሰው ኮምፒውተር ላይ ቻርጅ ስታደርጉ ያ «ቻርጅ ብቻ» የሚለው ነባሪ ጠባቂያችሁ ነው።

ይሄም ሆኖ ካልታየ ኤምቲፒ የሚባለውን መገናኛ የሚያነበው ክፍል ኮምፒውተሩ ላይ አልተጫነም ማለት ነው። ኡቡንቱና ሚንት ላይ ጂቪኤፍኤስ ባክኤንድስ የሚባለው ፓኬጅ ነው፣ ኬዲኢ የሚባለውን የዴስክቶፕ ገጽታ ለምትጠቀሙ ኪዮ ኤክስትራስ ነው። «ሌላ ፕሮግራም ይዞታል» የሚል መልእክት ከመጣ ደግሞ የፎቶ ፕሮግራሙን ዝጉ፣ ኬብሉን ነቅላችሁ መልሱ። ኤምቲፒ በአንድ ጊዜ ከአንድ ፕሮግራም በላይ አያስተናግድም።

ኬብል የማይወስደው ነገር

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኬብሉ ሰራ፣ ፎቶው ታየ፣ ቁጥሮቹ ግን የሉም። ሰው አቃፊ በአቃፊ ሲፈልግ ይውላል። አያገኛቸውም። ስልክ ቁጥርና ቀጠሮ ስልኩ ውስጥ እንደ ፋይል አይቀመጡም፤ የውስጥ ዳታቤዝ ውስጥ ነው ያሉት፣ ኤምቲፒም እዚያ አይገባም። በኬብል ማሻገር ከፈለጋችሁ መንገዱ ያ መጀመሪያ ያወጣችሁት የቪሲኤፍ ፋይል ነው። እሱ ግን የአንድ ጊዜ ዝውውር ነው። ነገ አዲስ ቁጥር ብትመዘግቡ በራሱ አይሻገርም።

የቪሲኤፉን ፋይል በጽሑፍ ማረሚያ ከፍታችሁ ስታዩት ልትደነግጡ ትችላላችሁ። በላቲን የተጻፈው ስም እንዳለ ይነበባል፣ በአማርኛ የጻፋችሁት ግን የእኩል ይሆናል ምልክትና የቁጥርና የላቲን ፊደል ቁልል ሆኖ ይታያል። አልተበላሸም። የቪሲኤፍ ፋይል የሚጻፍበት ሥርዓት ቪካርድ ይባላል፤ አሮጌው ዓይነት፣ 2.1 የሚባለው፣ ከእንግሊዝኛ ውጭ ያለውን ፊደል ሁሉ እንደዚያ አድርጎ ነው የሚጽፈው። አንድ የአማርኛ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የኮምፒውተር የፊደል አጻጻፍ ሦስት ባይት ይይዛል፣ እያንዳንዱ ባይት ደግሞ በሦስት ምልክት ይጻፋል፤ ስለዚህ አንዷ «ሀ» ብቻዋን 9 ምልክት ትሆናለች። ኢቮሉሽን የሚባለው የሊኑክስ የኢሜይል፣ የቁጥርና የቀጠሮ ፕሮግራም ይሄን ፈትቶ ያነበዋል። ሌላ ፕሮግራም ካስቸገራችሁ መጀመሪያ ወደ ኢቮሉሽን አስገቡት፣ ከዚያ መልሳችሁ እንደ ቪካርድ አውጡት። በአዲሱ ዓይነት ስለሚያወጣው አማርኛው ቀጥታ ይነበባል።

ሌላም መለያ አለ። ኮምፒውተሩ ላይ ስሞቹ ባዶ ሳጥን ሳጥን ሆነው ከታዩ ዳታው ሙሉ ነው፣ የጎደለው ፎንት ነው። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ጫኑ፣ ያልቃል። የጥያቄ ምልክት በተርታ ከሆነ ግን ፊደሉ መንገድ ላይ ጠፍቷል። ያንን ፋይል ጣሉት፤ ምንም ብታደርጉ አይመለስም። ወደ ስልኩ ሂዱና እንደገና አውጡ።

በራሱ የሚሻገርበት መንገድ

የጉግል አካውንት የምትጠቀሙና ኢንተርኔታችሁ የማይቆራረጥ ከሆነ ቀላሉ መንገድ አለ። ኡቡንቱ ሴቲንግ ውስጥ ኦንላይን አካውንትስ የሚለው ጋ አካውንታችሁን አስገቡ፣ ኢቮሉሽን ቁጥሩንም ቀጠሮውንም ያመጣል። ስልካችሁ ላይ ያሉት ቁጥሮች ግን የተቀመጡት በጉግል አካውንቱ ስር መሆኑን አረጋግጡ። ሲም ላይ ወይም «ስልክ» የሚለው ስር የተቀመጠ ቁጥር የትም አይሄድም።

እኔ የምመክረው ሌላውን ነው። ስልኩና ኮምፒውተሩ አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው ሳለ ቁጥሩ ባህር ተሻግሮ መመለስ የለበትም። ኢንተርኔት ሲጠፋ ስራ አይቆምም፣ የደንበኞቻችሁ ቁጥርም ከእጃችሁ አይወጣም። ለዚህ ኮምፒውተሩ ላይ ራዲካሌ የሚባል ትንሽ ሰርቨር፣ ስልኩ ላይ ዳቭኤክስ5 የሚባል አፕ ያስፈልጋችኋል። ሁለቱ የሚነጋገሩት ካልዳቭና ካርድዳቭ በሚባሉ ቋንቋዎች ነው፤ አንዱ ለቀጠሮ፣ አንዱ ለቁጥር። ራዲካሌ ከኡቡንቱና ከዴቢያን የሶፍትዌር ማከማቻ በነጻ ይጫናል። ዳቭኤክስ5 ፕሌይ ስቶር ላይ ይከፈልበታል፣ ኤፍ ድሮይድ በሚባለው የነጻ አፖች ማከማቻ ላይ ግን ያው አፕ በነጻ አለ።

ራዲካሌን ከጫናችሁ በኋላ የይለፍ ቃል ፋይል አዘጋጁለት፤ ያለ ይለፍ ቃል አትክፈቱት። ሌላ ቦታ የማትጠቀሙበት ቃል ይሁን፣ ምክንያቱም ቤት ውስጥ በተራው ኤችቲቲፒ ስታገናኙት ቃሉ ሳይመሰጠር ነው የሚያልፈው። በዚያው ምክንያት ካፌ ወይም ሆቴል ዋይፋይ ላይ አትሞክሩት። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ብራውዘር ከፍታችሁ 127.0.0.1:5232 ብላችሁ ግቡ፤ የመጀመሪያው ኮምፒውተሩ ራሱን የሚጠራበት አድራሻ፣ 5232 ደግሞ የራዲካሌ በር (ፖርት) ነው። የመግቢያ ገጽ ይመጣል። ገብታችሁ አንድ የአድራሻ ደብተርና አንድ ካላንደር ፍጠሩ። ኢቮሉሽን ላይም በዚሁ አድራሻ ሁለቱን ጨምሩ።

ኮምፒውተሩ ላይ ይሰራል፣ ስልኩ ላይ ግን አይሰራም

ይሄ ዋናው ችግር ነው፤ ረጋ ብላችሁ እዩት።

የኮምፒውተሩን አይፒ አድራሻ ከኔትወርክ ሴቲንጉ ላይ አንብቡ። ለምሳሌ 192.168.1.20 ይሆናል። ስልኩን ከዚያው ዋይፋይ ጋር አገናኙ፣ የስልኩን ብራውዘር ክፈቱና 192.168.1.20:5232 ብላችሁ ጻፉ። ዳቭኤክስ5ን ገና አትንኩት። በብራውዘር ያልተከፈተ በአፕ አይከፈትም።

የመግቢያው ገጽ ካልመጣ ሦስት ተጠርጣሪዎች አሉ። የመጀመሪያው ራሱ ራዲካሌ ነው። ሲጫን ከራሱ ኮምፒውተር በስተቀር ማንንም አይሰማም፣ እንዲህ ሆኖ ነው የተሰራው። የሴቲንግ ፋይሉን ክፈቱ፣ ሰርቨር በሚለው ክፍል ስር ሆስትስ የሚለውን መስመር ፈልጉና 0.0.0.0:5232 አድርጉት። አስቀምጡ፣ ራዲካሌን አስነስታችሁ እንደገና ሞክሩ። እስካሁን ካየሁት «አልሰራም» ከተባለው አብዛኛው እዚህ ላይ ነው የሚፈታው።

ሁለተኛው ፋየርዎል፣ ከውጭ የሚመጣን ግንኙነት የሚያግደው ጠባቂ፣ ነው። ኡቡንቱ ላይ ካላበራችሁት በስተቀር ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ፌዶራ ላይ ግን በርቶ ይመጣል። ሚንት ላይ ፋየርዎል የሚል ፕሮግራም ሜኑው ውስጥ አለ፤ በርቶ ከሆነ የቲሲፒ ፖርት 5232 እንዲያስገባ ፍቀዱለት። አጥፍቶ መሞከር ለአንድ ደቂቃ ችግር የለውም፤ አጥፍቶ መተው ግን አይሆንም።

ሦስተኛው ራውተሩ ነው። የእንግዳ ዋይፋይ ብዙ ጊዜ የተገናኙትን ዕቃዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ አድርጎ ይለያቸዋል። ሁለቱም ኢንተርኔት አላቸው፣ ግን አይተዋወቁም። ከዋናው ዋይፋይ ጋር አገናኟቸው፣ ወይም ራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ መለያየቱን አጥፉ።

ትናንት ሰርቶ ዛሬ እምቢ ያለ ከሆነ ደግሞ በመሃል መብራት ጠፍቶ እንደነበር አስታውሱ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ እንደ አዲስ ይነሳል፣ አድራሻም እንደ አዲስ ያድላል። ትናንት 20 የነበረው ኮምፒውተር ዛሬ 23 ይሆናል፤ ስልኩ ግን አሁንም 20ን እያንኳኳ ነው። ራውተሩ ገጽ ላይ ገብታችሁ ለኮምፒውተሩ ቋሚ አድራሻ ያዙለት፣ ዲኤችሲፒ በሚለው ስር ታገኙታላችሁ። ይሄን አንዴ ካደረጋችሁ ከመብራት ጋር የተያያዘው ራስ ምታት ያበቃል።

ቤታችሁ ራውተር ከሌለ፣ ወይም ዴስክቶፑ ዋይፋይ መቀበያ ከሌለው አትጨነቁ። ስልኩን በኬብል ሰኩና ዩኤስቢ ቴዘሪንግ የሚለውን አብሩ። ሊኑክስ ስልኩን እንደ ኔትወርክ ካርድ ወዲያው ያውቀዋል፣ ምንም መጫን አያስፈልግም። የኮምፒውተሩን አዲሱን አይፒ አንብባችሁ ከላይ ባለው መንገድ ቀጥሉ። ሁለቱ እርስ በርስ ሲነጋገሩ ካርድ አይቆርጥም። ኮምፒውተሩ ግን ኢንተርኔት አገኘሁ ብሎ አፕዴት ማውረድ ሊጀምር ይችላል፣ እሱ ነው ፓኬጅ የሚጨርሰው። ስለዚህ ወይ የስልኩን ሞባይል ዳታ ለጊዜው አጥፉ፣ ወይ ኮምፒውተሩ ላይ ግንኙነቱን ሜተርድ (በመጠን የሚከፈልበት) የሚለው ላይ አድርጉት።

ገጹ ተከፈተ፣ አካውንቱ ገባ፣ ቁጥር ግን የለም

ዳቭኤክስ5 ላይ አድራሻውን፣ ስምና የይለፍ ቃሉን አስገብታችሁ አካውንቱ ከተፈጠረ በኋላ ስራው አላለቀም። አካውንቱን ስትከፍቱ የአድራሻ ደብተሩና ካላንደሩ ይዘረዘራሉ። ከጎናቸው ያለውን ምልክት ካላበራችሁ ሲንክ አይደረጉም። አፑ ስህተት አለ አይላችሁም፣ ዝም ብሎ ባዶ ይሆናል። ስልኩ ለኮንታክትና ለካላንደር ፈቃድ ሲጠይቅም ፍቀዱለት።

ከዚያ የሚመጣው ጥያቄ «የድሮ ቁጥሮቼስ?» ነው። እነሱ አሁንም በድሮው አካውንት ስር ነው ያሉት፤ ዳቭኤክስ5 የራሱን ብቻ ነው የሚያየው። ያ የቪሲኤፍ ፋይል አሁን ያገለግላል። ኢቮሉሽን ላይ ወደ ራዲካሌው የአድራሻ ደብተር አስገቡት፣ ከዚያ ወደ ስልኩ በራሱ ይወርዳል። ለጊዜው ሁሉም ሰው ሁለት ሁለት ሆኖ ይታያል። የድሮዎቹን አታጥፉ። የኮንታክት አፑ ላይ አዲሱን አካውንት ብቻ እንዲያሳይ አድርጉት፣ ሳምንት ተጠቀሙበት፣ ምንም እንዳልጎደለ ስታረጋግጡ ያኔ ታጠፏቸዋላችሁ። አዲስ ቁጥር ስትመዘግቡም ስልኩ የት ላስቀምጥ ሲል አዲሱን አካውንት ምረጡ።

በራሱ መሻገሩ ካቆመና እጃችሁ ሲነካው ብቻ ከሰራ ባትሪ ቆጣቢው ነው። አንዳንድ ስልኮች ከኋላ የሚሰራውን አፕ ሁሉ ይገድላሉ። ዳቭኤክስ5ን ከባትሪ ቁጠባው ነጻ አድርጉት።

ሰዓቱ

ወደ እኛ አገር ልዩ ችግር መጣን። ቀጠሮው ተሻግሮ ሰዓቱ ከተዛባ መጀመሪያ በስንት እንደተዛባ እዩ። ልዩነቱ ራሱ ምክንያቱን ይነግራችኋል።

በ3 ሰዓት ቀድሞ ከታየ ኮምፒውተሩ ሲጫን የሰዓት ክልሉ አልተመረጠም። የእኛ ሰዓት ከዓለም አቀፉ በ3 ሰዓት ይቀድማል፣ በጋ ክረምት ብሎ የሚቀያየር ነገርም የለም። ክልሉን አዲስ አበባ ላይ አድርጉት። የሙሉ ቀን ዝግጅት አንድ ቀን ቀድሞ የሚታየውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው፤ እኩለ ሌሊት የጀመረው በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ሲሄድ ትናንት ውስጥ ይገባል። የቀጠሮው ሰዓት ልክ ሆኖ ማስታወሻው ግን በ3 ሰዓት ቀድሞ ከጮኸ፣ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስም አለ ማለት ነው። ዊንዶውስ በማዘርቦርዱ ላይ የአገር ቤቱን ሰዓት ይጽፋል፣ ሊኑክስ ደግሞ ዓለም አቀፉ ነው ብሎ ያነበውና ሦስት ይጨምርበታል። ሊኑክስን የማዘርቦርዱን ሰዓት እንደ አገር ቤት ሰዓት እንዲያነብ በታይምዴትሲቲኤል ትእዛዝ ማስተካከል ይቻላል። ኮምፒውተሩ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ የሚቀር ከሆነ ግን ሶፍትዌር አይደለም፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ሞታለች። ቁጥሯ ሲአር2032 ነው።

በ6 ሰዓት ከተዛባ የሐበሻ ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ያላችሁን ቀጠሮ 3:00 ብላችሁ ከጻፋችሁ ኮምፒውተሩ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው የሚለው። ትክክለኛው 9:00 ነው። ከመናኸሪያ ጠዋት 12 ሰዓት የሚነሳ አውቶቡስ 6:00 ተብሎ ይመዘገባል፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ደግሞ 15:00። አንዳንድ ሰው ግን የስልኩን ሰዓት ራሱን በእጁ ወደ ሐበሻ ሰዓት አዙሮታል። ስልኩ ብቻውን እስካለ ችግሩ አይታወቅም፤ 3:00 ተብሎ የተጻፈው ስልኩ 3:00 ሲል ይጮሃል፣ በሰዓቱ። ኮምፒውተሩ ጋ ሲሻገር ነው ጉዱ የሚፈላው፣ እዚያ 3:00 ካለፈ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። መፍትሄው የስልኩን ሰዓት ወደ አውቶማቲክ መመለስና የሐበሻውን ሰዓት የሚያሳይ ለብቻው አፕ ወይም ዊጀት መጫን ነው። ከዚያ በፊት የተመዘገቡትን ቀጠሮዎች አንድ በአንድ ማረም ያስፈልጋል፣ ይቅርታ፣ ለዚህ አቋራጭ የለውም።

ቀጠሮው ኮምፒውተሩ ላይ ኖሮ ስልኩ ላይ ጭራሽ ካልመጣ ዓመተ ምሕረቱን እዩ። ካላንደሩ የሚያውቀው የፈረንጁን ነው። 2018 ብላችሁ ከጻፋችሁ ቀጠሮው ዓመታት ወደ ኋላ ሄዷል፣ ዳቭኤክስ5 ደግሞ ካለፉ 90 ቀናት በላይ የሆነውን ቀጠሮ፣ ቁጥሩን ካልቀየራችሁት በስተቀር፣ ወደ ስልኩ አያወርድም።

በየወሩ የሚደገም ነገር ላይም ልብ በሉ። ወር በገባ በ21 ማኅበር ያለው ሰው «በየወሩ ድገም» ካለ ካላንደሩ የፈረንጁን ወር ይቆጥርና ቀኑ እየተንሸራተተ ይሄዳል። የእኛ ወር ሁሌም 30 ቀን ስለሆነ «በየ30 ቀኑ ድገም» በሉት፣ ከመስከረም 21 ጀምሮ 12 ጊዜ። ነሐሴ 21 ላይ ያበቃል። ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ስለምትገባ ያለ እረፍት ከቀጠላችሁት ይዛባል፤ በየዓመቱ ከመስከረም አዲስ ጀምሩ። ዕቁብም፣ የቤት ኪራይም በዚሁ ይሰራል።

አንድ ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ከታየ

ደጋግሞ የሚታይ ስም ሁልጊዜ የሲንክ ጥፋት አይደለም። «የአሞራ ገደሉ ዓሣ»፣ «የአሞራ ገደሉ አሳ» እና «የአሞራ ገደሉ ዓሳ» ለእኛ አንድ ዓሣ ሻጭ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ ለሱ ሌላ ሌላ ፊደል ናቸው። በስም አመሳስለህ አዋህድ ብትሉት አያገኛቸውም። በስልክ ቁጥር አመሳስሉ። ለዚያም ቁጥሩ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ይኑረው፤ አንዱ በ09 ሌላው በ+2519 የሚጀምር ከሆነ አንዳንድ ፕሮግራም እንደ ሁለት ቁጥር ያየዋል። ሁሉንም በ+251 ብታደርጉ ይሻላል። ከውጭ አገር የሚደውል ዘመድ ጋ ስትልኩትም ያው ቁጥር እንዳለ ይሰራል።

የድሮ ፓልም ያላችሁ

መሳሪያችሁ አንድሮይድ ሳይሆን የድሮ ፓልም፣ ከስማርት ስልክ በፊት የነበረው የኪስ ኮምፒውተር፣ ከሆነ፣ ውስጡ ያለውን አሁኑኑ አውጡ። አሮጌዎቹ ሞዴሎች ባትሪያቸው ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ የያዙትን ሁሉ ይረሳሉ። ስለዚህ ቻርጁ ሙሉ ሳይሆን ምንም አትጀምሩ።

ለሊኑክስ ጄ ፓይለት የሚባል ፕሮግራም አለ። ሰው የሚቸገረው ፓልሙን ሰክቶ ኤልኤስዩኤስቢ ሲል ምንም ስለማይታይ ነው። ፓልም ዝም ብሎ በመሰካቱ አይታይም፤ ሆትሲንክ የሚለውን ቁልፍ ስትጫኑ ብቻ ለጥቂት ሰከንድ ብቅ ይላል። መጀመሪያ ቁልፉን ተጫኑ፣ ወዲያው ጄ ፓይለት ላይ ሲንክ በሉ። ታይቶም ፈቃድ የለህም ካለ ስማችሁን ዳያልአውት ወደሚባለው ቡድን ጨምሩና ከኮምፒውተሩ ወጥታችሁ እንደገና ግቡ። ብቅ ሲል ሁለት ወደብ ከፈጠረ ብዙ ጊዜ የሚሰራው ሁለተኛው ነው።

ፓልም የአማርኛ ፊደል አያውቅም፤ ያኔ ስሞቹን የጻፋችሁት በላቲን ነው። ጄ ፓይለት ቁጥሮቹን በቪካርድ፣ ቀጠሮዎቹን በአይካላንደር ያወጣቸዋል። ስሞቹን በአማርኛ መጻፍ ከፈለጋችሁ ወደ ኢቮሉሽን ካስገባችሁ በኋላ እዚያው አርሟቸው፣ በኮምፒውተር ኪቦርድ ይቀላል፤ እርማቱም በሚቀጥለው ሲንክ ስልካችሁ ላይ ይገኛል።